ፊደል የምትቆጥረው ልጅ

ባለፈው የካቲት፣ በአንድ ረቡዕ ቀን፣ ከምሳ በፊት በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ነገሩ ለሰሚው ትልቅ አይደለም፤ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ዶሮ» የሚለውን ቃል ስታነብ ጣቶቿን አየሁ፣ ያ ብቻ ነው። ይሁንና 11 ዓመት ጠመኔ ይዤ ስቆም ያላስተዋልኩትን ነገር ያን ጊዜ ስላስተዋልኩ፣ የዚያን ሳምንት አምስት ቀናት ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሳመላልሳቸው ከርሜያለሁ።

የማስተምረው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በክፍሌ 52 ልጆች አሉ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አማርኛም ሒሳብም የማስተምራቸው እኔው ነኝ። ልጅቷን ሰናይት ብዬ ልጥራት፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ በመስኮቱ በኩል ካሉት ዴስኮች በአራተኛው ላይ፣ ከሁለት ወንዶች መካከል ትቀመጣለች። የተከታታይ ምዘና ውጤት በምመዘግብበት ደብተር ላይ ከስሟ ጎን በእርሳስ «ቀርፋፋ» የሚል ቃል ጽፌ ነበር። ቃሏ አጭር ናት፣ የተጻፈችውም ለማንም ሳይሆን ለራሴ ማስታወሻ ነው፤ ነገር ግን የገዛ እጄ ጽሑፍ ስለሆነች አልክዳትም።

የጋራው ድምፅ

ሰኞ እንደ ማንኛውም ሰኞ ነበር። ባንዲራ ተሰቀለ፣ መዝሙር ተዘመረ፣ ሳምንታዊ ዕቅዴን አስፈርሜ ወደ ክፍል ገባሁ። የአማርኛውን ክፍለ ጊዜ የጀመርነው በፊደል ክለሳ ነው፤ የክፍል አለቃው ረዘም ያለች ዱላ ይዞ ከገበታው ፊት ይቆምና እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ያስነብባል፣ 51 ድምፅ ደግሞ ተከትሎ ይጮኻል። ያንን ዜማ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ከ«ሀ ሁ» ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፣ «ህ» ላይ ትንሽ ይሰበራል፣ «ሆ» ላይ ያርፋል። ከግቢው ውጭ የሚያልፍ ሰው ሲሰማው ትምህርት እየተካሄደ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ምንባቡ ሄድን። ምንባቡን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ ሰሌዳው ላይ፣ በስድስት መስመር፤ ስለ አንዲት ዶሮ ነው። እኔ አንድ መስመር አነባለሁ፣ እነሱ ይከተሉኛል፣ ሁለት ጊዜ ደግመን እናነበዋለን፣ በመጨረሻም «ገባችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይሉኛል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «አልገባንም» ብሎ የመለሰልኝ ክፍል አንድም አላጋጠመኝም፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ስለሚመጣ ሊያጋጥመኝም አይችልም ነበር።

ተራ በተራ ማስነበብ ለምን አልመረጥኩም የሚለኝ ይኖራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፣ ልጆቹ 52 ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንዲት ደቂቃ ብሰጥ ክፍለ ጊዜው አልቆ 12 ልጆች ይቀሩኛል፤ ያውም አንድ ቃል እንኳ ሳላስተምር። ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገውን አደርግ ነበር፤ ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ከሚሉት መካከል አራት አምስቱን አስነብቤ፣ ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ ካላወጡት አንዱን እጠራለሁ። በዚያ ሰኞ የጠራሁት ሰናይትን ነበር።

ተነሥታ ቆመች። «ዶሮ» የሚለው ቃል ላይ ዓይኗን ተከለች፣ ዝም አለች። ሁለት ሦስት ሰከንድ አለፈ። ከኋላ «ዶሮ ነው፣ ዶሮ ነው» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ፤ እኔም እንዳትሳቀቅ ብዬ በለሰለሰ ድምፅ «እሺ፣ ተቀመጪ» አልኳትና ሌላ ልጅ አስነበብኩ። ያ ለስላሳ ድምፅ ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልጅቷን ከመስከረም ጀምሮ ያቋረጥኳት በዚያው ድምፅ ነው።

ስለ ማክሰኞ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በመበደር መቀነስን እየተማርን ነበርና 52 ሲቀነስ 27 ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከአንድ ቤት ላይ 2 ከ7 ስለሚያንስ ከአሥር ቤት መበደር አለባቸው፤ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይሳሳታሉ፤ ትንሹን ከትልቁ ይቀንሱና 35 ይላሉ። ሰናይት ከሁሉ ቀድማ 25 ብላ ደብተሯን አመጣችልኝ። ምልክት አደረግኩላት፣ «ጎበዝ» አልኳት፣ ወደ ቀጣዩ ልጅ ዞርኩ። ቀርፋፋ ያልኳት ልጅ እንዴት ቀደመች ብዬ የጠየቅኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተር ሳርም ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ጥያቄውን ሳልመልሰው እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሥራ አራት ፌርማታ

ትምህርት ቤታችን ልጆቹን ይመግባል። መመገቢያው አዳራሽ ግን ሁሉን በአንዴ ስለማይችል የኔ ክፍል በሁለት ዙር ነው የሚሄደው፤ ረቡዕ ዕለት በመጀመሪያው ዙር ያልደረሳቸው ዘጠኝ ልጆች ክፍል ውስጥ ቀርተው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ሰናይት ናት። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት የማደርገው ሰሌዳ ማጽዳት ነው፤ ያን ቀን ግን ዳስተሩን የሆነ ልጅ ደብቆት ኖሮ አጣሁት፤ የማደርገው ስለቸገረኝም ሄጄ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለኝ። የሰኞው ምንባብ ገና ሰሌዳው ላይ ስለነበር «እስቲ ለእኔ ብቻ አንብቢልኝ» አልኳት።

ዶሮ ላይ ስትደርስ እንደ ሰኞው ዝም አለች። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ የሚጠብቀኝ ሌላ ተማሪ የለም፣ የሚሹክሽክ ጓደኛም የለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልል ቆየሁ። ያን ጊዜ ነው ከዴስኩ በታች፣ ጭኗ ላይ ያረፈው ቀኝ እጇ ሲንቀሳቀስ ያየሁት። አውራ ጣቷ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ እየነካ ይሄዳል፤ ከንፈሮቿም ይንቀሳቀሳሉ። መጀመሪያ ጸሎት መሰለኝ። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ የሰማሁት ግን «ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ፣ ዴ፣ ድ፣ ዶ» የሚል ነው። ጣቷ ሰባተኛው አንጓ ላይ ቆመ። ከዚያ ሌላ ጉዞ ተጀመረ፤ «ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ሬ፣ ር፣ ሮ»። ቀና ብላ «ዶሮ» አለችኝ።

ይህች ልጅ ሁለት ፊደል ለማንበብ 14 ፌርማታ ታልፋለች። መድረሻዋን ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ከመነሻው ተሳፍራ እያንዳንዱን ሳትዘል ካልሄደች አትደርስበትም። የ«ዶ»ን ቅርጽ አይታ ከደ ቤት ሰባተኛው መሆኑን ለይታለች ማለት ነው፤ ድምፁ ግን ለብቻው አይመጣላትም፣ ከወንድሞቹ ጋር በዜማ ካልተጠራ።

እንደ ሐኪም ልመረምራት ቃጣኝ። ብጣሽ ወረቀት አውጥቼ «ደረሰ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳትቆም አነበበችው። «ሰበረ»፤ ወዲያው። ሁሉም የመጀመሪያ ፌርማታ ላይ የሚወርዱ ናቸውና ጣቷ አልተነካም። «ዱባ» ስላት ስድስት ጊዜ ቆጠረች፣ ሁለት ለዱ፣ አራት ለባ። ሁላችንም ያደግንበትን «አበበ በሶ በላ» ጻፍኩላት፤ አበበን እንደ ነፋስ አለፈችው፣ ሶ ላይ ሰባት ቆጥራ ወረደች፣ ላ ላይ አራት። ሰባቱን ፊደል ለመጨረስ 16 እርምጃ ሄዳለች ማለት ነው። ከዚያ «ቆሎ» ብዬ ስጽፍ ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች በማግሥቱ ነው የገባኝ። በመጨረሻ «ጉሮሮ» አልኳት። ለጉ ሁለት፣ ለመጀመሪያው ሮ ሰባት ቆጠረች። ሁለተኛውን ሮ ግን አልቆጠረችውም፤ ወደ ኋላ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየችና «ያው ነው» ብላ አነበበችው።

እነዚህ ቃላት ስለ እኔ የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ሰናይት ፈጣን የምትሆነው ግዕዝ፣ ማለትም የየቤቱ የመጀመሪያ ፊደል፣ በበዛበት ቃል ላይ ነው፣ የምትዘገየው ደግሞ ሳድስና ሳብዕ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው፣ በሚበዙበት። የእኔ ደብተር ይህንን ሁሉ «ቀርፋፋ» በሚል አንድ ቃል ጨፍልቆታል። በዝምታዋ ውስጥ ሥራ እየተሠራ ነበር፤ እኔ ሦስት ሰከንድ ጠብቄ «ተቀመጪ» ስላት ምናልባት «ዳ» ላይ ደርሳ ይሆናል። መቁጠሩንስ ማን አስተማራት? እኔ ነኝ። ፊደልን በዜማና በተርታ ብቻ ሰጠኋት፤ እሷም የተሰጣትን ተርታ እንደ መሣሪያ ያዘችውና በዚያው መንገዷን መፈለግ ጀመረች። ሌላ መንገድ ያሳያት ሰው አልነበረም።

በአማርኛ ማንበብ የተማረን ሰው «ፊደል ቆጠረ» እንላለን። ይህን ግሥ ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን መቁጠር የሚለው ቃል በውስጡ መኖሩን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

«ቲቸር፣ ልሂድ?» አለችኝ። ሁለተኛው ዙር ተጠርቶ ኖሯል። ርቧታል፤ ሮጠች።

እዚያው ዴስክ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተሳተፍኩበት አንድ ሥልጠና ላይ፣ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተነግሮን ነበር። ያን ጊዜ አጠገቤ ከነበረችው መምህርት ጋር ተያይተን ራሳችንን ነቅንቀናል፤ የሌላ ትምህርት ቤት ወሬ መስሎን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገርና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገሩ ሁሉ ተንጫጫ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እነዚያ ልጆች አንድ ቀን ሁለተኛ ክፍል ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ጣቱን ከዴስክ ሥር ደብቆ የሚቆጥር፣ መምህሩም በለሰለሰ ድምፅ «ተቀመጥ» ያለው ልጅ እንደነበረ ከረቡዕ ወዲህ አልጠራጠርም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጥፋቱን የሚያደርጉት ልጆቹ በነዚህ የመጀመሪያ ክፍሎች ሳይወድቁ በመዛወራቸው ላይ ነው። እኔ አይመስለኝም። ሰናይትን አንደኛ ክፍል ባስደግማት የምትደግመው ያንኑ ዜማ ነው፤ ምናልባት በበለጠ ፍጥነት ትቆጥር ይሆናል።

የገበታው ጀርባ

ሐሙስ ጠዋት በር ላይ አያቷን አገኘኋቸው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ቆሎና ሱፍ ይሸጣሉ፤ ሰናይት «ቆሎ» ላይ የሳቀችው ለዚህ ነው። ሰላምታ ሰጥቻቸው ስለ ልጅቷ ላነጋግራቸው እንደምፈልግ ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው ልጄ፣ አጥፍታ ነው?»

«ኧረ የለም እማማ፣ ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ» አልኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። በጣቴ እያሳየሁ ዶሮን ቆጠርኩላቸው።

ሳቁ። ከዚያ «ታዲያ አቡጊዳ አላስቆጠርሻትም?» አሉኝ፣ ቡና ላይ ጨው አልጨመርሽም እንዴ እንደሚል ሰው በቀላሉ። እሳቸው ማንበብ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀደም ግን ታላቅ ወንድማቸው የኔታ ዘንድ ሲማር፣ እሳቸው ጥጥ እየፈተሉ ይሰሙት ነበር። «ሀ ሁን በቃሉ እንደ ውኃ ሲያወርደው እናታችን ዘለቀው ብላ እልል አለች። የኔታ ግን ገና ነው አሉ። አቡጊዳ ሲሰጡት እንዴት ያለ ላብ አላበው መሰለሽ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አሉት።»

አቡጊዳን እኔም ልጅ ሳለሁ አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን እንደ ጌጥ ወይም እንደ ቤተ ክርስቲያን ነገር አድርጌ ነበር የማየው። አያቲቱ ከነገሩኝ በኋላ ነው አሠራሩን ያሰብኩት። በተለመደው ገበታ ላይ ልጁ በአንድ ረድፍ ሲሄድ ቤቱ አይለወጥም፣ በ ቡ ቢ ባ እያለ የሚለወጠው ድምፁ ብቻ ነው፤ ተራውንም በዜማ ስለሚያውቀው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ይወጣዋል። በአቡጊዳ ላይ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለቱም ይለወጣሉ። አ ግዕዝ ነው፤ ቡ የሌላ ቤት ካዕብ ነው፤ ጊ የሌላ ሣልስ፤ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። ሰባት ፊደል፣ ሰባት ቤት፣ ሰባት ድምፅ። ዜማው አይረዳም፤ ልጁ ፊደሉን ማየት አለበት። ያንን ገበታ ያዘጋጀው ሊቅ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ ረቡዕ ዕለት በአጋጣሚ ያየሁትን ነገር አስቀድሞ ያየ ሰው ይመስለኛል፤ በቃል የሚወርድ ልጅና የሚያነብ ልጅ ከሩቅ እንደማይለዩ የተረዳ ሰው።

ከዚህ ሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ክፍላችን ውስጥ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ ከመርካቶ የገዛሁት ራሴ ነኝ። ጀርባው ላይ ምን እንደታተመ ትዝ አለኝ። ከትምህርት በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ገብቼ ገበታውን ከግድግዳው ላይ መላጥ ጀመርኩ፤ በማስቲሽ አጥብቄ ለጥፌው ስለነበር አንድ ጥጉ ተቀደደ፣ ከ«ፐ» ቤትም ግማሹ ግድግዳው ላይ ቀረ። ገለበጥኩት። አቡጊዳው እዚያው ነበር፣ ከነሙሉ ቀለሙ፤ ከመስከረም ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ወገብ የሌለው ፊደል

ዓርብ የአማርኛውን ክፍለ ጊዜ ያለ ዱላ ጀመርን። የክፍል አለቃው ትንሽ አኩርፎ ተቀመጠ። ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች «ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ኩ» ብዬ ጻፍኩና አንብቡ ሳልል «ምን ያመሳስላቸዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ዜማ ስላልነበረው ክፍሉ ዝም አለ። ዝምታው እንዳያስፈራኝ ብዬ በልቤ እስከ አሥር ቆጠርኩ፤ ያ አሥር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያስተማረ ያውቀዋል። ስምንት ላይ ስደርስ አንዲት ልጅ «ሁሉም ወገባቸው ላይ እጅ አላቸው» አለች።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን መያዝ አቃተኝ። ሁሉም ከየደብተሩ እጅ ያለው ፊደል መፈለግ ጀመረ። ከኋላ ዴስክ ሁልጊዜ የምቆጣው አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ረ ወገብ የለውም!» አለ። ልክ ነው። ረ ቀጭን ነው፣ እግርም የለው፤ ስለዚህ «ሩ» ምልክቱን ከታች ነው የሚያደርገው፤ «ፉ»ም እንዲሁ። 11 ዓመት ሳስተምር ለምን ሩ እንደ ሌሎቹ እንዳልሆነ የጠየቀኝም ሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ያ ልጅ ግን ከመቀመጫው ሳይወጣ ደረሰበት። ኃምሱን ስናይ፣ ቤ፣ ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ እግራቸው ሥር ያለችውን ክብ «አልቦ ናት» አልኳቸው፤ አልቦ የእግር ጌጥ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ጠፋ። «ቀለበት ናት» አሉ፤ ቀለበት አልን። ሳድስ ላይ እጄን ሰጠሁ። «ል»ን፣ «ም»ን፣ «ር»ን፣ «ት»ን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አንድ የሚያደርጋቸው ምልክት አታገኙላቸውም፤ እነሱን ማወቅ የሚቻለው እንደ ጎረቤት ልጅ ፊታቸውን በመልመድ ነው ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ የሰኞውን ዶሮ ቀጠልን፣ በአዲስ ዓረፍተ ነገር፤ «ዶሮዋ ገና እንቁላል አልጣለችም»። አንዱ ልጅ ፊደሎቹን አንድም ሳይስት አነበበና «ገና»ን እንደ በዓሉ አጠበቀው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ «ለገናማ ትታረዳለች እንጂ መቼ ትጥላለች!» ያለም ነበር። ሳቁ ደስ ቢለኝም ልጁ ጥፋተኛ አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ እሱን አንባቢው ከነገሩ ሐሳብ ነው የሚያገኘው። እያንዳንዱን ፊደል እየቆጠረ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ስለሚረሳ፣ «ገና» የትኛው እንደሆነ የሚመርጥበት አቅም አይተርፈውም። ዝግታው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

በምሳ ሰዓት ሰናይትን እንደገና አስነበብኳት። በሁለት ቀን ተአምር አልተሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። ዶ ላይ ጣቷ ሰባቱንም አንጓ ሄደ። ወደ ሮ ስትሻገር ግን እጇ ቆመ፣ ከንፈሯም አልተነቃነቀም፤ ቀጥታ «ሮ» አለች።

«ይኼኛውን ለምን አልቆጠርሽውም?»

«አውቀዋለሁ፤ ጉሮሮ ላይ ያለው ነው» አለችኝ፣ ስለ አንድ የሚያውቁት ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ።

ያን ማታ ደብተሬን አውጥቼ «ቀርፋፋ» የምትለውን ቃል በላጲስ አጠፋኋት፤ እርሳሱ ተጭኖ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ዱካዋ ዛሬም ይታያል። በላይዋ ላይ «ትቆጥራለች፤ ሮን ለይታለች» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የ52ቱንም ስም በሌላ ገጽ ዘረዘርኩ። ሐሙስና ዓርብ ምሳ ላይ ከተርታ ውጭ የተበታተኑ ፊደላት እየሰጠሁ 14 ልጆች ለየብቻቸው ሰምቻለሁ። ከ14ቱ አምስቱ እንደ ሰናይት ይቆጥራሉ፤ ከአምስቱ ሁለቱ በየቀኑ ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር እኔ!» ከሚሉት መካከል ናቸው፤ ምንባቡን ከእኔ ሁለት ጊዜ ሰምተው በቃላቸው ስለሚይዙት ነው። ፖርሽኑ በዚያ ሳምንት በሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ለርዕሰ መምህሩ የማቀርበውን ምክንያት ገና እያሰብኩበት ነበር።

ለሰኞ ምሳ ሰዓት መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ስም የክፍል አለቃው ነው፤ ገበታው ፊት ቆሞ ሁላችንንም የሚያስነብበው ልጅ። ሲመጣ ዱላውን አስቀምጦ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።